ከግድግዳው ወዲያ ያለው ድምፅ

«ኣ—ኡም።»

ትንሽ ዝምታ። ከዚያ ደግሞ ረዘም ብሎ፣ «ኣ—ኡኡም።»

ድምፁ የሥጋ መቁረጫ ክፍሉን የብረት በር አልፎ ገባ። ጆሮ ብቻ ሳይሆን የጎድን አጥንት የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ነው። ሥጋ ቆራጩ ቢላዋውን አስቀምጦ ደረቱን አሸት አሸት አደረገ።

«ጉንፋን፣ እመቤትህ ዛሬም ባሏን ትጠራለች።»

«እሰማለሁ። ደንቆሮ መሰልኩህ?»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ሂድና አንተ አግባት። ቋንቋው እንደሆነ አለህ።»

ጉንፋን አልሳቀም። ባልዲውን አንስቶ ወጣ።

ይህን ስም ያወጡለት የመካነ አራዊቱ ሠራተኞች ናቸው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ነብሯን፣ እመቤትን፣ ሰላም የሚላት በአፍንጫው ነበር። ነብር ስል ነጠብጣቡን አይደለም፤ ባለ ጥቁር ሸንተረሩን፣ ታይገር የሚባለውን ነው። ታይገር ከወዳጁ ጋር ፊት ለፊት ሲገናኝ አፉን ገጥሞ ትንፋሹን በአፍንጫው ያንፈራፍራል፤ ፍ-ፍ-ፍርር። ቅርብ ለቅርብ የሚባባሉት ነገር ነው፤ ከአሥር እርምጃ በላይ አይሰማም። ጉንፋን ጠዋት ጠዋት ከፍርግርጉ ፊት ቆሞ ያንፈራፍርላታል፤ እሷም ትመልስለታለች። አዲስ የሚቀጠር ሁሉ በመጀመሪያው ቀን «ይማርዎት ጋሼ» ሳይለው አይቀርም።

ሌላው ጥሪ ግን የሩቅ ነው። «እኔ እዚህ ነኝ፤ አንተስ?» እንደማለት ነው፤ ጫካ ውስጥ ቢሆን ወንዝና ጉብታ ተሻግሮ ይሄዳል። እመቤትና ባሏ፣ አውራው፣ በአንድ ወፍራም ግድግዳ ተለያይተው ነበር የሚኖሩት። ብዙውን ወር አይተያዩም፤ ይጣራሉ። አውራው የሞተው ከዘጠኝ ቀን በፊት ነው። ሬሳውን በኋላ በር በጋሪ አወጡት፤ ክፍሉንም በመድኃኒት አጠቡት። እሷ አላየችም፣ አላሸተተችም። ስለዚህ ለእሷ የሞተ የለም፤ መልስ መስጠት ያቆመ እንጂ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሥጋ በአፏ አልዞረም።

«ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት» አለችው የእንስሳት ዶክተሯ፣ በፍርግርጉ ውስጥ የነብሯን የተሰበሰበ ሆድ እያየች። «በሦስት በአራት ቀን ውስጥ ካልበላች ኩላሊቷ ይከዳታል። ከዚያ በኋላ እንድትሠቃይ አንተዋትም።»

ጉንፋን «አንተዋትም» የሚለው ቃል ምን ማለት እንደሆነ ገባው። መርፌ ነው።

ሴት ልጁ እዚያው ግቢ ትኬት ቆራጭ ናት። ምሳቸውን ሁልጊዜ በእሷ ጠባብ ክፍል፣ ጉልበት ለጉልበት ተነካክተው ይበላሉ። ያን ቀን እሱ ጉርሻውን ይዞ ፈዞ ቀረ።

«አባ፣ አንተም ልትጾም ነው እንዴ? አንድ የማይበላ ይበቃናል።»

«ትጣራለች፤ ከዚያ ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ ትጠብቃለች። አንጀቴን በላችው።»

ልጅቷ ትንሽ አሰበችና ስልኳን አወጣች። ዓምና አውራው ሲጣራ ቀርጻው ነበር። ድምፁ በትንሿ ስልክ ውስጥ እንደ በር ሲጢጥታ አነሰ።

«እና?» አላት።

«እናማ መልስ እንስጣት። በትልቁ ድምፅ ማጉያ። ዝም ብለህ እምቢ አትበል!»

«እምቢ መች አልኩ፣ የኔ እናት።»

በማግስቱ ማጉያውን በአውራው ባዶ ክፍል ውስጥ አስቀመጡት። እመቤት ተጣራች። ልጅቷ ስልኳን ተጫነች። ከግድግዳው ወዲያ የሞተው ነብር «ኣ—ኡም» አለ።

እመቤት እንደ ወጣት ዘላ ተነሣች። ግድግዳው ሥር ሄዳ ተጣራች፤ መለሰላት። ደግማ ተጣራች፤ መለሰላት። ከዚያ ዞር ብላ የቀረበላትን ሥጋ አጥንቱ እስኪቀር በላች። ጉንፋን ፊቱን ወደ ቧንቧው አዙሮ እጁን ታጠበ፤ ታጠበ፤ መታጠቡን አላቆም አለ። ልጅቷ ትከሻውን በቡጢ መታ አድርጋ «ጉንፋንህ ዓይንህ ላይ ወጣ?» አለችው። ዶክተሯ እንኳ ሳቀች።

የመካነ አራዊቱ ኃላፊ ወሬውን ሲሰማ ነብሯ የምትበላበትን ሰዓት በር ላይ አስለጠፈ። ሰው ልጁን በትከሻው ተሸክሞ ይመጣ ጀመር፤ «አሁን ትመልሳለች፣ ቆይ፣ አሁን!» ይባባላል።

ሰው ሁሉ ላይገባው ይችላል፤ ጉንፋን ግን ማወቅ ነበረበት። አሥራ አንድ ዓመት በአፍንጫው ሲያወራት የኖረ ሰው ነው። የሩቁ ጥሪ የሚጠራው ለመቅረብ ነው፤ የሚጠራና የሚመልስ ተፈላልገው ይገናኛሉ፣ ወይም አንዱ ይርቃል። የማጉያው አውራ ግን አይቀርብም፣ አይርቅም። በየቀኑ ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ልክ፣ «እዚህ ነኝ» ይላል።

በሰባተኛው ቀን ጠዋት ጉንፋን ሲገባ ግድግዳው ላይ ደም አየ። ፈልፍላዋለች። የፊት እግሮቿ ጥፍሮች ከሥራቸው ተነቅለዋል፤ ሲሚንቶው ላይ ሁለቱ ተሰክተው ቀርተዋል። ፍ-ፍ-ፍርር አላት። ቀና ብላ አላየችውም። ጆሮዋ ግድግዳው ላይ ነበር።

ኃላፊው ቢሮ ሮጠ።

«ይቁም። ድምፁ ይቁም።»

«ትበላ የለ እንዴ ጋሼ? ትብላልኝ ያሉት እርስዎ፣ አሁን ይቁም የሚሉት እርስዎ!»

«ግድግዳውን ስትቆፍር የምትበላው ራሷን ነው።»

ኃላፊው ጆሮ ዳባ ልበስ ሲለው ጉንፋን ተመልሶ ሄዶ ገመዱን ከማጉያው ነቀለው።

እመቤት ሁለት ቀን ሙሉ ተጣራች። በሦስተኛው ቀን ድምፅዋ ተዘጋ፤ አፏ ይከፈታል፣ ጎኗ ይነሣል፣ የሚወጣው ግን ትንፋሽ ብቻ ነው። ከዚያ እሱንም ተወችው። ከፍርግርጉ ርቃ፣ ጥግ ይዛ፣ ጀርባዋን ለዓለም ሰጥታ ተኛች። ሥጋው ዝንብ ወረሰው። እግሮቿ አበጡ፤ መግል ያዙ።

ዶክተሯ ሐሙስ ከረፋዱ ላይ መጣች። ቦርሳዋን መሬት ላይ አኑራ ለጉንፋን ቀስ ብላ አስረዳችው።

«ከሩቅ የሚተኮስ መርፌ አለ። ግን ትደነግጣለች፣ በዚያ እግሯ ትሮጣለች፣ ከግድግዳ ትላተማለች። ወደ ፍርግርጉ ከመጣችልኝ ግን ሳታውቀው እወጋታለሁ። እርስዎ ይጥሯት።»

ጉንፋን ተንበረከከ። ፊቱን ብረቱ ላይ ለጥፎ ፍ-ፍ-ፍርር አለ። ከንፈሩ እስኪደርቅ፣ ምናልባት ግማሽ ሰዓት። የነብሯ ጆሮ አንዴ ብቻ ወደ እሱ ዞሮ ተመለሰ። ዶክተሯ ሰዓቷን አየች። ልጅቷ የትኬት ክፍሏን ዘግታ መጥታ ከኋላው ቆማ ነበር።

እጁን ዘረጋላት።

«ስልክሽን።»

«አባ፣ በእሱ አይሁን።»

«ስልክሽን አምጪ አልኩሽ።»

«ከሩቅ ይተኩሱባት። ትደንግጥ። ቢያንስ ምን እንደመጣባት ትወቅ። በእሱ ድምፅ ግን አይሁን፣ እኔ የቀረጽኩት ለ—»

«ደንግጣ እንድትሞት አልፈልግም!»

እስከዛሬ ጮኾባት አያውቅም። ስልኩን ሰጠችው። ማጉያውን ከአውራው ክፍል አውጥቶ አመጣ፤ ገመዱን ራሱ ሰካ። ስልኩን ተጫነው።

«ኣ—ኡም።»

ዝንቦቹ ተነሡ። እመቤት ተነሣች። ባበጡት እግሮቿ፣ አንዱን አንሥታ ሌላውን እየፈራች፣ መሬቱ ላይ እርጥብ ዱካ እየተወች መጣች። ማጉያውን ፍርግርጉ አጠገብ ስላኖረው ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቅርብ ነበር የሚመጣው። አገጯን ከብረቱ ጋር አገናኝታ አፏን ገጠመች፤ ከአፍንጫዋም ያ የወዳጅ ሰላምታ ወጣ። ለማጉያው ነበር። ጉንፋን አንድ ክንድ እልፍ ብሎ ተንበርክኳል።

ዶክተሯ ወጋቻት። ብዙ አልቆየም። መጀመሪያ ኋላዋ ተቀመጠ፣ ከዚያ ጭንቅላቷ በፊት እግሮቿ ላይ አረፈ። ድምፁ ግን አልቆመም፤ የሚያጠፋው ሰው ጠፍቶ «ኣ—ኡም፣ ኣ—ኡም» ይላል። በመጨረሻ ዶክተሯ ገመዱን ነቀለችው።

«ጥሩ አደረጉ ጋሼ» አለችው። «አልተሠቃየችም።»

ጉንፋን ስልኩን በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ ለልጁ ዘረጋላት። አልተቀበለችውም። ፊቱን አየችው፤ ተቆጥታ አልነበረም፤ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ የትኬት ክፍሉን ቁልፍ ከአንገቷ አውልቃ ባልዲው ጠርዝ ላይ አንጠለጠለችው።

«የት ነው?» አላት።

ዞራ መሄድ ጀመረች።

«አንቺ ልጅ፣ የት ነው?»

በትኬቱ መስኮት ፊት የተሰለፈው ሰው መስታወቱን በሳንቲም ይቆረቁራል፤ «ኧረ ሰው የለም ወይ?» ይላል። እሷ በመሃላቸው ሰንጥቃ አለፈች። በሩን ወጣች፣ አስፋልቱን ተሻገረች፤ መጀመሪያ የመጣው አውቶቡስ ወዴት እንደሚሄድ እንኳ ሳታይ ተሳፈረች።