የማይጠፋው ማሽን

የጥልፍ ማሽኔ ሦስት ዓመት ሙሉ ጠፍቶ አያውቅም ነበር። ሲበራ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር የሠራውን ፋብሪካ በኢንተርኔት ፈቃድ መጠየቅ ነበር፤ ፋብሪካው ደግሞ "ይህ ሞዴል አርጅቷል፣ አዲሱን ግዙ" ብሎ ፈቃድ መስጫውን ዘጋ። አርጅቷል! መርፌው እንደ ልጃገረድ ይዘላል። ያለኝ መላ አንድ ብቻ ሆነ፤ አለማጥፋት። መጠባበቂያ ባትሪ ገዛሁለት፣ ማጥፊያውን በፕላስተር ሸፈንኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? እኔ መብራት መሄዱን ስጠረጥር አማቴን ሳልጠረጥር ቀረሁ።

አማቴ ባዶ ክፍል ውስጥ አምፖል በርቶ ካዩ የሚያማቸው ሴት ናቸው። ማክሰኞ ክር ልገዛ ወጣ ብዬ ስመለስ ፕላስተሩ በሥርዓት ተልጦ፣ ተጣጥፎ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ማሽኑ ጭጭ ብሏል።

"እማማ! ማን ነካው?"

"እኔ ነኛ። ሦስት ዓመት ቻልኩት፤ ሰው በሌለበት ብቻውን ሲያንጎራጉር እስከ መቼ ዝም ልበል? ፕላስተሩን አልጣልኩትም፣ ይጠቅምሻል።"

ሳበራው "ፈቃድ አልተገኘም" ከሚል ጽሑፍ በቀር ምንም የለም። ለቅዳሜ ምርቃት የስድሳ ነርሶች ስም በየጋዋናቸው ላይ መጠለፍ አለበት፤ ያለቀው ሃያ ሁለት ነው። ከዚህ ማሽን ሌላ እንጀራ የለኝም። ምን እንዳልኳቸው አልደግመውም፤ አፌ ከመርፌው ፈጠነ። እሳቸውም ክፍላቸው ገቡ።

ሞባይል ጠጋኙ ወንድሜ መጥቶ ማሽኑን ከላፕቶፑ ጋር አገናኘና ራሱን አከከ።

"እታለም፣ ፈቃድ መጠየቅ የጀመረው ፋብሪካው ፕሮግራሙን ካደሰው በኋላ ነው። ከማሽኑ ጋር የመጣው የድሮው ቢገኝ መልሼ እጭነው ነበር። ትንሽ ሜሞሪ ካርድ አልነበረውም?"

ነበረው። ማሽኑ የተገዛ ሰሞን ከካርቶኑ ጋር ጥዬዋለሁ። አሁን ተራው የእኔ ሆነና አንገቴን ደፋሁ።

አማቴ የአዝራር ቆርቆሯቸውን ይዘው ብቅ አሉ። አዝራሩን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉና በጣታቸው ይፈልጉ ጀመር።

"ይቺ ናት? ቆሻሻ ውስጥ ነው ያገኘኋት። አዲስ ዕቃ ይጣላል እንዴ?"

አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ። ከዚያ ማሽኑ ማንንም ሳያስፈቅድ ተነሳ። አማቴን አቅፌ "ይቅር ይበሉኝ" አልኩ፤ እንባዬም መጣ፣ አልደብቅም። የድሮው ፕሮግራም ጌጠኛ ፊደል ስለሌለው ሠላሳ ስምንቱ ነርሶች ቀለል ባለ ጽሕፈት ተመረቁ። ማንም አላጉረመረመም።

ወንድሜ ፕሮግራሙን ሁለት ፍላሽ ላይ ገለበጠ፤ አንዱ ለእኔ፣ ሌላው ያው ማሽን ላላቸው ልብስ ሰፊዎች የሚያዳርሰው። ካርዷን ግን አማቴ "አንቺን አላምንሽም" ብለው ወደ ቆርቆሯቸው መለሷት።

አሁን ሥራ ስጨርስ ማጥፊያውን እኔ አልነካም። እሳቸውን እጠራለሁ። ይጫኑታል፣ ጆሯቸውን ጠጋ አድርገው ዝም ማለቱን ያረጋግጣሉ፣ ከዚያ በመዳፋቸው መታ መታ ያደርጉታል።

"ይረፍ እንጂ" ይላሉ። "ሦስት ዓመት ሙሉ እንቅልፍ ነሳሽው።"