የሚነዝረው ሹራብ

ውዴ ክፉ ነገር ሳይመጣ ቀድማ የምታለቅስ ሴት ናት። ልጇን አመተማርያምን በሰባት ዓመቷ ማጅራት ገትር ይዟት ጆሮዋን ካሳጣት ወዲህ ደግሞ ብሶባታል። ልጅቱ ዐሥረኛ ክፍል ደርሳ እንኳ የደብረ ታቦርን አስፋልት እጇን ይዛ የምታሻግራት እናቷ ናት። የክፍሏ ልጆች «ሞግዚቷ መጣች» ሲሉ አመተማርያም ከከንፈራቸው ታነበዋለች።

አመተማርያም ክረምቱን ሙሉ፣ ከቴሌግራም ያገኘችውን ሥዕል እያየች አንድ ዕቃ ስትሠራ ከረመች። ከተቃጠለ ሬዲዮ እንደ ፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ፈታች፤ ከጥጥ ፈትል ጋር አክርራ በትምህርት ቤት ሹራቧ ውስጥ እንደ ጥልፍ ሰፋችው። በአንዱ ጫፍ ድምፅ የምትቀበል፣ ጥፍር የምታክል ዕቃ አለች፤ በሌላው ጫፍ፣ ከአንገቷ ኋላ፣ ከአሮጌ ስልክ የወጣች መንዘሪያ። ጥሩምባ ሲነፋ አንገቷን ይነዝራታል።

«ይገልሻል» አለች ውዴ። «ኮረንቲ አንገት ላይ ይታሰራል?»

«የሰዓት ባትሪ ነው፣ እማዬ። ሦስት ቀን ፈትኚኝ። ሁሌ ከዞርሁ ብቻዬን ልሂድ።»

ውዴ ፈተነቻት። ከኋላዋ አጨበጨበች፤ ዞረች። ልጅቱ ምስር ስትለቅም አጨበጨበች፤ ስትበላ፣ ስታጠና፣ ስትጸልይ አጨበጨበች። ልጅቱ ደንግጣ በዞረች ቁጥር የውዴ ልብ ያርፋል፤ አፍታ ሳይቆይ ግን «አሁንስ ተበላሽቶ ቢሆን?» ይላታል። እንደገና ታጨበጭባለች።

ትምህርት ቤት ደግሞ ፋሲል የሚባል የክፍሏ ልጅ ነገሩን ደረሰበት።

«ኑ፣ ጊደሯን ላስደንብርላችሁ» አለ።

አጨበጨበ፤ አመተማርያም ዘለለች። በማግስቱ በዕረፍት ሰዓት ክፍሉ በሙሉ ያጨበጭብ ነበር። መጀመሪያ አለቀሰች፤ በኋላ እዚያ መዞር ተወች።

ቤት ውስጥ ግን ሁሌ ትዞር ስለነበር፣ በአራተኛው ቀን ውዴ «በይ፣ ብቻሽን ሂጂ» አለቻት። አላስችላት ብሎ ግን በሩቁ ተከተለቻት። አመተማርያም አስፋልቱ መሐል ስትደርስ አንድ አይሱዙ ከቁልቁለቱ መጣ፤ ጥሩምባውን ነፋ፤ ደጋግሞ ነፋ። ልጅቱ አልዞረችም። ሾፌሩ መሪውን ቢጠመዝዝም የጎኑ መስተዋት ትከሻዋን መትቶ ዘረራት።

ውዴ ደርሳ ተንበረከከች፤ ፊት ለፊቷ ሆና «ይኸው፣ አልሠራም» አለቻት።

«ሠርቷል» አለች አመተማርያም ክንዷን አቅፋ። «ነዝሮኛል።»

«ታዲያ ለምን አልዞርሽም?»

«አንቺ ተከትለሽኝ የምታጨበጭቢ መስሎኝ።»

 ውዴ ግን ለተሰበሰበው ሰው «ዕቃው ከድቷት ነው» አለች፤ ከዚያ የሹራቡን አንገት በጥርሷ ቀድዳ ሽቦውን መዘዘችው። አመተማርያም አልከለከለቻትም።