ሰናፍጭና ማንጎ

ሰፈር ስም ሲያወጣ ብዙ አይስትም። ከሁለቱ እህትማማቾች ታላቂቱን «ሰናፍጭ» ያሏት ግማሹን ከምትሸጠው፣ ግማሹን ከምላሷ ወስደው ነው። አውቶቡሶች በሚዞሩበት አደባባይ ዳር፣ ከአባቷ በተረከበችው ጠባብ መስኮት ውስጥ ቆማ ሆት ዶግ ትሸጣለች። ዳቦው ለብ ያለ፣ ቋሊማው ሲነከስ ቀጭ የሚል፤ በላዩ ሰናፍጭ፣ ካቻፕ፣ በኮምጣጤ የታሸ ሽንኩርትና በስሱ የተከተፈ ጥቅል ጎመን። በቃ። ሌላ ነገር ጨምሪልኝ ያላት ሰው፣ «ሌላውን ቤትህ ብላ» ተብሎ ይሸኛል። ስሟን ትወደው ነበር፤ ታናሽ እህቷ «ማንጎ» ተብላ እስክትጠራ ድረስ።

ታናሺቱ በቤት ስሟ ሚጣ ናት። ትልቅ ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ስትሠራ ከርማ፣ የሼፉ ጩኸት ሲሰለቻት ለቀቀችና ጫማ ጠጋኙ የተወውን መስኮት ተከራየች። ያውም በዚያው ግድግዳ ላይ፣ ሰናፍጭ ቀና ባለች ቁጥር የምታየውን። ቢጫ ቀባችው። ሰሌዳዋ ላይ በጠመኔ ጻፈች፤ ማንጎ በቃሪያ፣ የተፈጨ ኦቾሎኒ፣ የተጠበሰ ሙዝ፣ አናናስ፣ ቀይ ሥር በእርጎ።

«ሙዝ በቋሊማ ላይ» አለች ሰናፍጭ ለአባቷ፣ በመጀመሪያው ቀን። «ነገ ደግሞ ካልሲ ቀቅላ ትጨምርበታለች።»

አባቷ እስኪያስለው ሳቀ። ያ ሳቅ ለብዙ ቀን ስንቅ ሆናት።

ኋላ ግን ስንቁ አለቀ። ከአውቶቡስ የሚወርደው ሰው እግሩ በልማድ ወደ እሷ ይመጣና፣ መንገዱ አጋማሽ ላይ አንገቱ ወደ ቢጫው ይዞራል፤ ከዚያ እግሩ አንገቱን ይከተላል። ተማሪው ሄደ። ነርሶቹ ሄዱ። ከአባቷ ዘመን ጀምሮ ደንበኛ የሆነው ሾፌር እንኳ አንድ ጠዋት እጁን ከጀርባው አድርጎ በመስኮቷ ሥር ሲያልፍ ያዘችው።

«እንዴት አደርሽ እትዬ ሰናፍጭ።»

«ከጀርባህ የደበቅኸው ሸሚዝህ ላይ ወርዷል።»

ሾፌሩ ጎንበስ ብሎ ቢጫውን ጠብታ አየ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። «ለለውጥ ያህል ነው እኮ።»

«ሚስትህንም ለለውጥ ያህል ነው ትላታለህ?»

«እሱን አንቺ ንገሪያት። እኔ ነፍሴን እወዳታለሁ።» ሊሄድ አለና ቆመ። «ግን እትዬ፣ ያ ሽንኩርትሽ...»

«ሽንኩርቴ ምን ሆነ?»

ዐይኗን አየና ሐሳቡን ለወጠ። «ምንም። አውቶቡሱ ሞልቷል።»

ደንበኛ ይሂድ። ደንበኛ እንደ ዝናብ ነው፤ ይመጣል፣ ይሄዳል። አንጀቷን የሚያሳርራት የአባቷ በርጩማ ነው።

በዚያ ቤት አንድ ሕግ አለ፤ የሠራ አይቀምስም። «እጅ ለራሱ ያደላል» ይላል አባቷ። እሱ ሲሠራ ቀማሿ እናታቸው ነበረች። እሷ ስትሞትና ሰናፍጭ ምድጃው ላይ ስትቆም፣ አባቷ አፍ ሆነ። በየማለዳው፣ መስኮቱ ሙሉ በሙሉ ሳይከፈት፣ የመጀመሪያው ሆት ዶግ በርጩማው ላይ ለተቀመጠው አባቷ ይሰጣል። ዐይኑን ጨፍኖ አንዴ ይነክሳል፣ ያላምጣል። «ሰናፍጩ በዝቷል» ካለ ይቀነሳል፤ «ኮምጣጤው አንሷል» ካለ ይጨመራል። «ይሁን» ካለ መስኮቱ ይከፈታል። ሰናፍጭ የገዛ ሽንኩርቷን ምላሷ ላይ አድርጋ አታውቅም። አስፈልጓትም አያውቅም፤ አባቷ «ይሁን» ብሏላ።

እና ሚጣ ከከፈተች ወዲህ አባቷ «ይሁን» ይልና፣ በርጩማውን በአንድ እጁ አንጠልጥሎ ወደ ቢጫው መስኮት ይሄዳል። ከእሷ አንድ ንክሻ ብቻ፤ እዚያ ግን ሙሉውን። ጣቱን ይልሳል። በመሐረም ዐይኑን ይጠርጋል። ሚጣ ከውስጥ ሆና አገጯን በእጇ ደግፋ ታየዋለች፤ ደስታዋ ከሩቅ ያስታውቃል። ሰናፍጭ መቆንጠጫውን ይዛ ቋሊማ ስታገላብጥ የቱ እንደበሰለ፣ የቱ እንዳረረ አይታያትም። የሚታያት በልጅነታቸው ሚጣ ትኩሳት ይዟት ስትተኛ አባቷ ብርቱካን እየላጠ ነጩን ክር እንኳ አንድ በአንድ እየለቀመ ሲያጎርሳት ነው። ሰናፍጭ ታማ አታውቅም። ጤነኛ መሆኗ እስካሁን ይቆጫታል።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ፣ አውቶቡሶቹ ሳሳ ሲሉ፣ አልቻለችም። የደረሰላትን ዳቦ ብድግ አድርጋ፣ ቋሊማውን ከትታበት፣ በወረቀት ጠቅልላ፣ ሽርጧን እንዳሰረች ወጣች። ቢጫው መስኮት ፊት ስትደርስ አባቷ የማንጎውን ሆት ዶግ አጋምሶታል።

«አባዬ፣ ይኸው የእኔ። የእሷን ይዘሃል። ሁለታችንም ባለንበት ንገረን። የማን ይበልጣል?»

«ምን ሆነሻል ልጄ። ጠዋት ቀመስኩልሽ እኮ።»

«ጠዋት ብቻችንን ነበርን። አሁን እሷ ትስማ።»

«እትዬ፣ ተይው» አለች ሚጣ ከመስኮቱ ውስጥ፣ ቀስ ብላ።

«አንቺ ዝም በይ። ሰሌዳሽን አልነካሁብሽም፣ ሙዝሽን አልነካሁብሽም። ያለኝ እሱ ብቻ ነው፤ እሱንም ከነበርጩማው ወሰድሽው።»

አባቷ ሁለቱንም አየ። ከዚያ እንደ ልማዱ ዐይኑን ጨፈነ፤ ወረቀቱን ገለጥ አድርጎ ነከሰ፤ አላመጠ። እንደ ማለዳው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ።

«ሰናፍጩ ልክ ነው» አለ። «ሽንኩርቱም። ይሁን።»

ሰናፍጭ ደረቷን ልትነፋ ብላ ዳቦውን አየች። ሰናፍጭ የለበትም። ሽንኩርት የለበትም። በንዴት ሩጫዋ ምንም ሳታደርግበት ነው ያመጣችው፤ ባዶ ዳቦና ባዶ ቋሊማ።

ሚጣ ፊቷን አዞረች። አባቷ ዐይኑን ሲከፍት ሁለቱን አየ፤ ቀጥሎ እጁ ላይ ያለውን ዳቦ አየ። ወረቀቱን መልሶ ሸፈነው፤ እንደሚያሳፍር ነገር።

«ከዚያ ጉንፋን ወዲህ ነው» አለ። «አልጋ ላይ ከጣለኝ ወዲህ። ሽታም የለም፣ ጣዕምም የለም። ሳሙናና ዳቦ ብትሰጪኝ በዐይኔ ነው የምለየው።»

«ዓመት ሊሞላው እኮ ነው።»

«የሚጣ ቃሪያ ያቃጥለኛል። ሲያቃጥለኝ ቢያንስ አፍ እንዳለኝ አውቃለሁ። ለዚያ ነው የምመጣው እንጂ ማንጎ ይሁን ድንች አላውቀውም።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አንቺ እኔ ይሁን ካላልኩሽ መስኮት አትከፍቺም» አለ አባቷ። «ልትዘጊው ነው ብዬ ፈራሁ።»

ሰናፍጭ ተመለሰች። መስኮቷ ውስጥ ገብታ ጀርባዋን ለአደባባዩ ሰጥታ ቆመች። ከዚያ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የሽንኩርቱን ሳህን ወደ ራሷ ሳበችና በሁለት ጣቷ ቆንጥራ አፏ ውስጥ ከተተች።

ኮምጣጤው መንጋጋዋን አሰራት። ዐይኗ እንባ ሞላ። ኮምጣጤ አቅራቢው ከተለወጠ ቆይቷል፤ አዲሱ ኮምጣጤ ከቀድሞው የበረታ መሆኑን ሽታው ነግሯት ነበር። እሷ ግን በድሮው ልክ እያፈሰሰች፣ ቢበዛ አባዬ ይነግረኛል ብላ ጠበቀች። አባዬ በየማለዳው «ይሁን» አለ። ሾፌሩም፣ ነርሶቹም፣ ተማሪውም ይህን ሁሉ ጊዜ በይሉኝታ ሲውጡ ከርመዋል። ማንጎ ሳይሆን ኮምጣጤ ነው ያባረራቸው። ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ ይባላል፤ እሷ ግን መጣፈጧን ለሰው ምላስ አደራ ሰጥታ ተኝታለች።

ይህ ሁሉ ገባት። ቢሆንም ሳህኑን ስትደፋ ያቃጠላት ሌላ ነገር ነበር። አባቷ ሲናገር ሚጣ አልደነገጠችም፤ ታውቅ ነበር። አባቷ ምስጢሩን ለእሷ ነው የነገራት።

በማግስቱ ማለዳ አዲስ ሽንኩርት አሸች፤ ኮምጣጤውን በማንኪያ እየሰፈረች። መስኮቱን በግማሽ ከፍታ የመጀመሪያውን ሆት ዶግ አዘጋጀች፤ ዛሬ ሰናፍጩን አልረሳችም። ግን ማን ይቅመሰው? ሽንኩርቱን ብትቀምሰው፣ የትናንቱ ኮምጣጤ ከአፏ አልጠፋም፤ ደግሞስ እጅ ለራሱ ያደላል። አባቷ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያያል፤ እጁን አልዘረጋም። ሾፌሩን ብትጠራው ዐይኗን አይቶ «ግሩም ነው» ይላታል። እዚህ አደባባይ ላይ እሷን የማይፈራ ምላስ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ዳቦውን ይዛ ወጣች። ቢጫው መስኮት ላይ፣ ሰላምታ ሳትሰጥ፣ አስቀመጠችው።

«ቅመሺ።»

ሚጣ አየቻት። ልትስቅ ነበር፤ ተወችው። ነከሰች፤ ሳታውቀው ዐይኗን ጨፈነች፤ ልክ እንደ አባታቸው። ሰናፍጭ በዚህም ቀናችባት።

«ኮምጣጤው አሁንም ትንሽ በዝቷል።»

«ትንሽ ማለት?»

«ትንሽ። ቋሊማው ግን እትዬ... ሆቴል ሙሉ ሰው እንዲህ አይጠብስም።» አፏን ጠረገችና ከምድጃዋ ዳር አንድ አንስታ አቀበለቻት። «አንቺም የእኔን።»

«የራስሽን አትቀምሽም?»

«እኔስ የማን ቤት ልጅ ነኝ? ቀማሼ አባዬ ነው፤ የሚሰማው ደግሞ ቃሪያው ብቻ። ቃሪያ ጨምሪ ሲለኝ እጨምራለሁ። ደስ ሲለው ሳይ ደግሞ እጨምራለሁ።»

ሰናፍጭ ላብ ችፍ ያለበት የሾፌሩ ግንባር ትዝ አላት። ነከሰች። መጀመሪያ ቃሪያው መጣና ጆሮዋ ድረስ ነደደ። ከእሳቱ ሥር ግን ማንጎው ቀስ ብሎ ወጣ፤ ከቋሊማው ስብ ጋር ተገናኘ፤ ለስለስ ብሎ፣ ጣፍጦ፣ ምላሷ ላይ ተቀመጠ። መጥፎ እንዲሆን እንዴት እንደጸለየች እሷ ናት የምታውቀው።

«ቃሪያሽ ሰው ይገድላል» አለች ስትችል። «በግማሽ ቀንሺው።»

«ማንጎውስ?»

ሰናፍጭ አደባባዩን አየች። የመጀመሪያው አውቶቡስ እየዞረ ነው።

«ይሁን» አለች።

ወደ መስኮቷ ስትመለስ የቀረውን ሳትጥል ይዛው ነበር፤ መንገድ ላይ ማንም አለማየቱን አረጋግጣ አንዴ ደገመችው። አባቷ በርጩማውን ግድግዳው ሥር፣ በሁለቱ መስኮቶች መካከል፣ ፀሐይ ሊሞቅበት አስቀምጦ፣ እጁን ሊታጠብ ወደ ውስጥ ገብቷል። ሰናፍጭ ኮምጣጤውን ቀነሰች፤ መስኮቱን ሙሉ በሙሉ ከፈተች። ከዚያ ወጣ ብላ፣ ሚጣ ጎንበስ እስክትል ጠብቃ፣ በርጩማውን በእግሯ ገፋ አደረገችው፤ ወደ ራሷ፣ ብዙ ሳይሆን፣ ትንሽ።