መጥረጊያው ውስጥ የቀረችው ነቀዝ

ጋሽ አብተው መጋዘኑን ጥርግ አድርገው ጠበቁኝ። በንዴት መጥረጊያውን ቀምቼ ብሰብረው ደስታዬ ነበር።

ናዝሬት ነው፣ በ1972 ዓ.ም.። እሳቸው ሃያ ዓመት ያገለገሉ የቡና መጋዘን ኃላፊ፣ እኔ ከአዲስ አበባ የተላክሁ የተባይ ባለሙያ። ሁለት መቶ ኬሻ ቡና ተበልቶ ተገኝቷል። ጉዳዩን የያዘው ኮሚቴ፣ «የጎረቤቱን ክፍል በቆሎ ነቀዝ ሲበላው ዝም ብለው ወደ ቡናው አዛመቱት፤ አሻጥር ነው» ብሏል። ያኔ አሻጥረኛ የተባለ ሰው ቤቱ ላይመለስ ይችላል። ውሳኔው አሥር ሰዓት ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት ተባይዋ የትኛዋ እንደሆነች መጻፍ አለብኝ።

ወለሉ ግን ንጹሕ ነው። የተበላሸው ቡናም ተቃጥሏል።

«ምነው ጋሽ አብተው! እኔ እኮ ተባዩን ለማየት ነው የመጣሁት!»

«ታዲያ እንግዳ በቆሻሻ ይቀበሏል እንዴ፣ ልጄ?»

ነቀዝ ሁሉ አንድ አይደለም። የበቆሎዋ ኩምቢ ረጅምና ቀጭን ነው። ሻጋታ ከሚወዱት ነቀዞች ወገን የምትመደብ ሌላ አለች፤ ኩምቢዋ አጭርና ሰፊ፣ አንቴናዋ ረጅም ሆኖ ጫፉ ያበጠ። የምትራባው እርጥብ ቡና ውስጥ ነው። እሷ ከሆነች፣ መጋዘኑ ደረቅ ስለሆነ፣ ቡናው የመጣው መንገድ ላይ ዝናብ መትቶት ነው፤ ጥፋቱም የጫኙ እንጂ የጋሽ አብተው አይደለም።

መጥረጊያውን አነሳሁት። ልሰብረው አልነበረም፤ ነጭ ወረቀት ላይ አራገፍኩት። አቧራ ወረደ፣ የቡና ገለፈት ወረደ፣ መጨረሻ ላይ አንዲት የሞተች ነቀዝ። ግማሽ እግሯ የለም። በአጉሊ መነጽር አየኋት፦ ኩምቢዋ አጭር፣ የተረፈችው አንድ አንቴና ጫፏ ያበጠ።

«የትኛዋ ናት?» አሉ ጋሽ አብተው። ዓይናቸውን ከወረቀቱ አልነቀሉም።

«የእርጥቡ ቡና ናት! ቤትዎ ይገባሉ፣ ጋሽ አብተው።»

ኮሚቴው እየተቀባበለ በመነጽሩ አያት። ሊቀመንበሩ ጢሙን እያሻሸ ወረቀቴ ላይ ፈረመ፤ ጋሽ አብተውም ነጻ ወጡ። አቅፌያቸው አለቀስኩ፣ አላፍርም።

ከሦስት ወር በኋላ ለሥራ ወደ ናዝሬት ስመለስ ጎራ አልኩ። መጋዘኑ እንደ ወትሮው ያበራል። ከበሩ ጀርባ ግን ወንፊት የምታህል ቦታ አቧራዋን እንደያዘች ተትታለች።

«ይቺስ?»

«ምስክር ይጠረጋል እንዴ፣ ልጄ? ያቺን ለአንቺ ነው የተውኳት።»

ቆሻሻ ተባይ ያራባል ብዬ ልቆጣ መጥረጊያውን አነሳሁ። ቀና ስል፣ ያን ቀን ከወረቀቱ እንዳልነቀሉት ሁሉ፣ ዓይናቸውን ከጥጓ አልነቀሉም።

መጥረጊያውን ቦታው መለስኩት።