እግሩን የዘረጋው ሰባት

በእህቴ ዳቦ ቤት ትልቋ አለቃ እህቴ አልነበረችም፤ አንዲት ቀይ ነጥብ ነበረች። መጋገሪያችን ከጃፓን አሮጌ ሆኖ የመጣ ነው። የሙቀቱ ቁልፍ እንደ ድስት ክዳን ክብ ነው፤ ዙሪያውን ምስጥ የሄደበት የሚመስል ጽሕፈት ተቀርጾበታል፤ ቁልፉ ሲዞር ጽሕፈቱም አብሮ ይዞራል። ማንበብ የሚችል ስላልነበረ፣ እትዬ ዳቦው አምሮ በወጣበት ቀን ከላይ ካለው ጭረት ትይዩ የቆመው ምልክት ላይ የጥፍር ቀለሟን ጠብ አደረገች። ከዚያ ወዲህ ሥራችን ነጥቧን ከጭረቱ ማገናኘት ሆነ። ምልክቱ ምን እንደሚል የሚጠይቅ አልነበረም።

እኔ ጠየቅሁ። የእትዬ ታናሽ ወንድም ነኝ፤ ጆንያ ተሸካሚ፣ ዱቄት ክፍል የማድር፣ ከአምስተኛ ክፍል አጥር ዘልዬ የወጣሁ። «ቀዳጁ» ይሉኛል። የዱቄት ጆንያ አስነጥሶ ድመታችንን ነጭ አድርጓት ቀረ ብዬ ስላወራሁ ነው። ድመቷን አይቶ የካደኝ ግን የለም።

«ጋሼ፣ ይቺ ከነጥቧ ሥር ያለችው ምን ትላለች?» አልኩት ጋጋሪውን። ጢሞ ነው ቅጽል ስሙ፤ ጢሙ ነው ቀድሞት በር የሚገባው።

«የራስህን ፊደል መች ጨረስክና ነው የሰው ፊደል የሚያምርህ? ጆንያህን ተሸከም።»

ይቺ ቃል እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ቆመች። ምልክቱን በእስክሪብቶ መዳፌ ላይ ገልብጬ ከመንገድ ማዶ ወዳለው ፀጉር አስተካካይ ሄድኩ። በወጣትነቱ መርከብ ላይ ሠርቷል፤ የጃፓንን ወደቦች ያውቃል። የደንበኛውን ጉንጭ በአረፋ እንደሸፈነ ትቶት መዳፌን ሳበ።

«ሰባት ነው» አለ። ጣቱን አረፋው ውስጥ ነክሮ መስታወቱ ላይ ጻፈው፤ 七። «መጀመሪያ አግዳሚውን፣ ከግራ ወደ ቀኝ ትንሽ ቀና አድርገህ። ቀጥሎ ከላይ ቁልቁል ትወርድና ወደ ቀኝ ትታጠፋለህ። የኛን 7 ወረቀት ላይ ጻፍ፣ ወገቡ ላይ ሰረዝ አድርግበትና ወረቀቱን ዘቅዝቀው፤ እሱው ራሱ ነው።»

ዘቀዘቅኩት። ሰባት ሆዬ ትከሻው ላይ ዱላ አጋድሞ፣ እግሩን ዘርግቶ ቁጭ ብሏል።

«ደግሞ ከዘጠኝ እንዳታምታታው» አለና ከጎኑ 九 ጻፈ። «ዘጠኝም እግሩን ይዘረጋል፤ እሱ ግን ባለ ሁለት እግር ነው።»

«እኔንስ ማን ይላጨኝ?» አለ ደንበኛው ከነአረፋው።

በዚያ ሰሞን ሰባትን ያልጻፍኩበት ቦታ የለም። ዱቄት ላይ ጻፍኩት፤ ሊጥ ላይ ጻፍኩት፤ ጢሞ ጎንበስ ሲል ሽርጡን ለማስተካከል መስዬ መቀመጫው ላይ በዱቄት ጻፍኩለት፤ ሳያውቀው እንደ ባንዲራ ቀኑን ሙሉ ተሸክሞት ዋለ። ለሁሉም ሰባት ነው አልኩ። ያመነኝ ድመቷ ብቻ ናት።

አንድ ቀን ከሰዓት እትዬን ጽዳት አማራት። ቁልፉን በሽቦ ፈትጋ ፈትጋ እንደ መስታወት አበራችው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች፤ ነጥቧ የለችም። ሊጡ ኩፍ ብሏል፣ እሳቱ ተለኩሷል፣ በመስኮቱ ደንበኛ ተሰልፏል።

«እግሩን የዘረጋው ላይ ነበረች፤ አውቃታለሁ» አለ ጢሞ፤ ቁልፉን አዙሮ አቆመ።

አየሁት። «ጋሼ፣ እሱ ሁለት እግር አለው። ዘጠኝ ነው። እዚያ ላይ ከጋገርን ከሰል ነው የምንሸጠው። የኛ ሰባት ነው።»

«አዎ፣ ጆንያም ያስነጥሳል።»

እትዬ መሀላችን ገባች። «ስማ፣ ዛሬ ቀደዳህን አልችልም። ይህ ሊጥ ባንተ ምክንያት ከተበላሸ ብርድ ልብስህን ይዘህ ከዚህ ቤት ትወጣለህ።»

ዱቄት ክፍል ገባሁ። ብርድ ልብሴን ጠቅልዬ አምጥቼ በሩ ሥር አስቀመጥኩት። ከዚያ ቁልፉን ሰባት ላይ አቆምኩና ጀርባዬን አስደግፌበት ቆምኩ።

«እውነት ተናግረህ ከመሸበት እደር ነው የሚባለው» አልኩ። «ማደሪያዬ ተጠቅልሏል። ቁልፉ ግን አይነቃነቅም። ጋሼ፣ ትሪህን አስገባ።»

ጢሞ በትከሻው ገፋኝ። ዕድሜ ልኬን ጆንያ ስሸከም የኖርኩት ለዚህ ቀን ኖሯል፤ ንቅንቅ አላልኩም። እትዬ መስኮቱን አየች፣ ኩፍ ያለውን ሊጥ አየች፣ ብርድ ልብሱን አየች። «አስገባው» አለች።

ከዳቦው ቀድሜ እኔ በሰልኩ። ጀርባዬ ላይ እንቁላል ብትሰብሩበት ይጠበስ ነበር። ጢሞ አፍንጫውን ከፍቶ የማረር ሽታ ይጠብቃል። አልሸተተውም። ትሪዎቹ ሲወጡ ዳቦው የአዲስ ቆዳ ጫማ መልክ ይዟል። ጢሞ አንዱን ሰብሮ ጆሮው ሥር አደረገው፤ ቅርፊቱ ሲንኮሻኮሽ ሰማ፤ ከዚያ በላው።

እትዬ የጥፍር ቀለሟን ይዛ መጣች። «በል ነጥቧን መልሳት፤ ብርድ ልብስህንም መልሰው።»

ቀለሙን ተቀብዬ ኪሴ ከተትኩት።

«ነጥብ የለም» አልኩ። «ነገ ሌላ ሰው ፈትጎ ያጠፋታል፤ እኔም ዳግመኛ ጀርባዬን አልጠብስም። በዚህ ቤት የሚጋግር ያነባል።»

«አንተ ደፋር» አለች እትዬ።

ገበታው ላይ ዱቄት በተንኩና በመዳፌ አለሰለስኩት። «ጋሼ፣ መጀመሪያ አግዳሚውን።»

ጢሞ እኔን አየ፣ ቁልፉን አየ። ሁለተኛው ዙር ሊጥ ከጨርቁ ሥር መነፋት ጀምሯል። ጣቱ ወደ ዱቄቱ ወረደች፤ ከቀኝ ጀመረች።

«ከግራ ነው፣ ጋሼ። እንደገና።»

ቀለሙን እትዬ እስከ ዛሬ ትፈልገዋለች። ድመታችን ጥፍሯ ቀይ ነው። ያላመነ መጥቶ ይይ።