ከእሁድ እስከ ማክሰኞ

«በሚወደው ቦታ ነው የሞተው» አሉ የባሏ አለቃ፣ ለአራተኛ ጊዜ። «ንጹህ አየር፣ ወፍ፣ ጸጥታ። እኛ ነን እንጂ ቢሮ ውስጥ ድፍት ብለን የምንቀረው።»

ልብስ ሰፊዋ አፏን ብትከፍት የሚወጣው ለለቅሶ ቤት የሚሆን አልነበረም። ባሏ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ሦስት ቀን ሙሉ የመጣው ሁሉ የተማከረ ይመስል «በሚወደው ቦታ» ይላታል። የስፌት መኪናዋን ጥግ አስጠግተው አንሶላ አልብሰውባታል። ለቀስተኛውም ኮቱን፣ ጃንጥላውን እላዩ ላይ ይቆልላል፤ አንዷማ የልጇን ጡጦ ሳይቀር አስቀምጣበታለች። መርፌው ይሰበር ይሆን ብሎ የሚያስብ የለም። ወይ ጉድ!

የአለቃው ስልክ ጮኸ። «ሄሎ! ለቅሶ ቤት ነኝ! ለቅሶ! አዎ፣ የኛው አቤት!» እያሉ ወደ በረንዳው ወጡ።

አቤት ባሏ በመሥሪያ ቤት የሚጠራበት ስም ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት «ውሃ ጠፋ፣ ቧንቧ ፈነዳ» የሚል ሕዝብ በስልክ ሲሰድበው የኖረ ሰው ነው። ስልኩ በተነሳ ቁጥር «አቤት፣ ምን ልርዳዎት?» ይላል። እንቅልፍ ላይ እንኳ ሲነኩት «አቤት» ነበር የሚለው። ቤት ሲገባ ግን ቃል የለም። የተረፈ ቃል የለውማ! እሷ ቀኑን ሙሉ ከጨርቅ ጋር ውላ፣ ወሬ ተርባ ትጠብቀዋለች፤ እሱ ግድግዳ ግድግዳውን ያያል።

ከአምስት ዓመት በፊት ነው ጫካውን ያገኘው። መብራት የለም፣ ኔትወርክ የለም፣ መንገዱ መኪና አያስገባም፤ ያለው አንዲት የጣውላ ጎጆ ብቻ ናት። በየወሩ የመጨረሻ ዓርብ ስልኩን ቤት ጥሎ ይሄዳል፤ እሁድ አሥር ሰዓት ይመለሳል። ሲመለስ ፊቱ የተተኮሰ ልብስ ይመስላል። ሁለት ቀን ያወራል፣ ይስቃል፤ ረቡዕ ላይ ያልቅበታል። ይሄን ነበር ያልወደደችለት። ደስታውን እዚያ ሄዶ የሚያመጣው ከሆነ፣ እሷ ታዲያ ምኑ ናት? በዛፍ ቀናች። ቢያሳፍርም ቀናች።

አንድ ጊዜ አብራው ሄዳለች። ትንኝ በላት፤ ጉቶ ላይ ተቀምጣ መቀመጫዋ ደነዘዘ። «እሺ፣ አሁን ምን እናደርጋለን?» ስትለው «ምንም» አላት፣ ፊቱ በርቶ። ምንም! ለምንም ነው አራት ሰዓት የተጓዙት? በማግስቱ ጠዋት «ካልተመለስን» ብላ ድርቅ አለች። አልተቆጣም፤ ጎጆውን ቆልፎ አብሯት ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ በየወሩ «ነይ እስቲ» ይላታል፤ በየወሩ እምቢ ትለዋለች።

ባለፈው ዓርብም «ነይ እስቲ፣ አሁን እኮ ትንኙ ቀንሷል» አላት። የአራት ሚዜዎች ቀሚስ እጇ ላይ ነበር፤ አንዱም አላለቀም።

«ሂድ ወደዚያ! ከዛፍህ ጋር እዚያው ኑር!»

እሁድ አሥር ሰዓት ሆነ፣ አልመጣም። አሥራ አንድ ሆነ። «አሃ፣ ኩርፊያ መሆኑ ነው? ጥርግ በል!» አለችና በሩን ከውስጥ ቀረቀረችው። ሰኞ ሲመጣ የምትለውን እያሰናዳች ስትሰፋ ዋለች። ጥሩ ጥሩ ስድብ ነበር ያሰናዳችው። ማክሰኞ መርዶው መጣ።

እንግዲህ ማንም ሳይጠይቃት ሦስት ቀን ሲያብሰለስላት የቆየው ይሄ ነው። በእነዚያ ሁለት ቀናት በሕይወት ነበር? ወድቆ፣ መነሳት አቅቶት፣ «ትመጣለች» እያለ? አስከሬኑን ያየው ሐኪም «ልቡ ነው፣ ወዲያው ነው» ብሏታል። ለሚስት ሌላ ምን ይላታል!

«እኔ የምልሽ» አለች አጠገቧ የተቀመጠችው የባሏ ታላቅ እህት፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እሁድ ሲቀር፣ ሰኞ ምነው ሰው አልላክሽም?»

«ይመጣል ብዬ ነዋ እትዬ! ይመጣል ብዬ!»

ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ አያት። ድምጿ ይህን ያህል የሚያስተጋባ አልመሰላትም ነበር።

በዚህ መሃል አንድ ቦርሳ ያዘለ፣ ጫማው ጭቃ የሆነ ሰው በሩ ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ። «የደኑ ጠባቂ ነኝ» አለ። «ያገኘሁት እኔ ነኝ።»

ልብስ ሰፊዋ ብድግ አለች። የማንንም ፈቃድ ሳትጠይቅ ሰውዬውን ወደ ኩሽና አስገብታ በሩን ዘጋችው።

«ተቀመጥ።»

«ቆሜ ልናገር እመቤት። ከሰሙኝ በኋላ ያባርሩኝ ይሆናል።» አይኑን መሬት ላይ ተከለ። «እሁድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አግኝቼው ነበር። እያፏጨ ጎጆውን ይጠርጋል።»

«ያፏጫል? ባሌ?»

«ሁልጊዜ ነዋ። ጫካው ውስጥ ያለበትን የማውቀው በፉጨቱ ነው። ‹ምነው ዛሬ ማለዳ?› ስለው፣ ‹ሚስቴን አስቀይሜያት ነው የመጣሁት፣ ቀደም ብዬ ልግባ› አለኝ። ቀትር ላይ ስመለስ ጎጆው ተቆልፏል። ሄዷል አልኩ። እኔም ደክሞኝ ስለነበር በአቋራጭ ቤቴ ገባሁ። በዋናው መንገድ ወርጄ ቢሆን ኖሮ... ሰኞም በዚያ አላለፍኩም። ማክሰኞ ነው ያገኘሁት።»

«ቆይቷል?»

«ምን አሉኝ?»

«ሳይሞት ቆይቷል ወይ? ጠብቋል ወይ? እንዳታባብለኝ! ሦስት ቀን ሙሉ ሲያባብሉኝ ሰለቸኝ፣ አንገፈገፈኝ! ያየኸውን ንገረኝ።»

ጠባቂው አይኑን ከመሬት አነሳ።

«እኔ ሐኪም አይደለሁም። ያየሁትን ልንገርዎት። በዋናው መንገድ፣ ከጎጆው ሩብ ሰዓት ቢያስኬድ ነው። ዛፍ ተደግፎ ቁጭ ብሏል። የውሃ ኮዳው እጁ አጠገብ ነው፤ ሙሉ ነው፣ አልተከፈተም። ቦርሳውን እንዳዘለ ነው፣ ማንገቻው ሁለቱም ትከሻው ላይ አለ። ሰው ትንሽም ቢሆን ከቆየ፣ እመቤት፣ መጀመሪያ ሸክሙን ነው የሚያወርደው።»

ሰዓቱን ቆጠረች። በሩን ስትቀረቅር ሞቷል። ሰኞ ስድቧን ስታሰናዳ ሞቷል። አልጠበቃትም። ወደ እሷ እየመጣ ነበር።

«ቀደም ብዬ ልግባ አለ?» አለች። «ይሄ ደደብ! ይሄ... ዓርብ ለምን አልቀረም ታዲያ!» ሦስት ቀን እምቢ ያላት እንባ በአንድ ጊዜ ገነፈለ። ሳሎን ያሉት እንዲሰሟት፣ እንዳይሰሟት ግድ አልሰጣትም። እዚያ ጫካ ውስጥ ከእሷ ሸሽቶ ሳይሆን ፉጨቱን ለእሷ ሊያመጣላት ሲለማመድ የነበረ መሰላት፤ አንድ ቀን እንኳ አልሰማችለትም።

«ይቅር ይበሉኝ» አለ ጠባቂው። እሱም አይኑ ቀልቷል። «በዋናው መንገድ ወርጄ ቢሆን ኖሮ ሁለት ቀን ዝናብ አይመታውም ነበር። ልሂድ፣ መንገዱ ሩቅ ነው።»

የጠባቂው ቦርሳ እስካሁን ጀርባው ላይ ነበር።

«መጀመሪያ ሸክምህን አውርድ» አለችና ከኋላው ዞረች። አንዱን ማንገቻ ከትከሻው ላይ አወረደች፤ ቀጥላ ሌላውን። ቦርሳው ይከብድ ነበር። ወለሉ ላይ አላስቀመጠችውም፤ አቅፋው ቆመች።