የተህሚና አደራ

በሕንድ አገር፣ እሳትን በሚያከብሩት በፓርሲዎቹ ግቢ፣ ኑዛዜ ሲነሳ የኬኮባድ ስም አይቀርም። ሰውዬው ተውሶ ያነበበውን የትናንት ጋዜጣ እንኳ አጣጥፎ የሚመልስ ነው። ስለዚህ ሦስተኛ ፎቅ የምትኖረው ተህሚና ሞታ የኑዛዜዋ አስፈጻሚ እሱ መሆኑ ሲሰማ ማንንም አልገረመውም። የገረመው እሱን ራሱን ብቻ ነው። ዕድሜ ልኩን የተመኘው እሷን ነበር፤ የደረሰው ንብረቷን ለሰው ማካፈል ሆነ።

በወጣትነታቸው ለጋብቻ ሊጠይቃት ሲያስብ እናቷ ታመሙ፤ እስኪሻላቸው ብሎ ቆየ። እናትየው ለመዳንም ለመሞትም ሳይቸኩሉ ብዙ ዘመን ከረሙ። ሲሞቱ እነሱም ሸብተው ነበር፤ በዚያ ዕድሜ ሙሽርነት ለማውራት አፈረ። የተረፋቸው እሁድ ብቻ ነበር። እሁድ እሁድ ቀትር ላይ ተህሚና ወደ እሱ ቤት ትወርድና ምስሩ ከበግ ሥጋ ጋር የተቀቀለበትን ዳንሳክ በሩዝ ይበላሉ። ከምሳው ጋር ቀይ ለስላሳ የምትጠጣው አፉ ላይ ከተሸረፈ ሰማያዊ ብርጭቆ ነው። ሌላ ሲያቀርብላት፣ ያንኑ አምጣ፣ የእሱን ስብራት አውቀዋለሁ፣ አዲስ ብርጭቆ ግን አይታመንም ትለው ነበር።

ውርሱን ሲያጣራ ክረምቱ ገባ። የባንክ ሒሳቧን ዘጋ፣ የመብራቱን ቆጣሪ አስነበበ፣ ቁም ሣጥኑን በኑዛዜው ለተጠራችው ጎረቤት አስወረደ። ሳሪዎቿን ሲያጣጥፍ እጁ እየዘገየ አስቸገረው እንጂ ይህ ሁሉ ቀላል ነበር። ከዚያ ወደ ብር ዕቃው ደረሰ። በቤቴ ያለው የብር ዕቃ በሙሉ ተሽጦ ለወንድሜ ልጆች እኩል ይካፈል ይላል ኑዛዜው። ሣጥኑን ሲከፍት ከትሪዎቹና ከማንኪያዎቹ መሐል ስሟ የተቀረጸበት የአበባ ማስቀመጫ ተጋድሞ አገኘ።

በፓርሲዎች እምነት፣ በዓመቱ መጨረሻ ቀናት የሙታን ነፍስ ወደ ወገኖቿ ትመለሳለች። ቅዱሱ እሳት በሚነድበት ቤተ መቅደስ፣ በእብነ በረዱ ጠረጴዛ ላይ፣ ለየሟቹ የብር ማስቀመጫ ይቆምና ትኩስ አበባ ይደረግበታል፤ ነፍስ እዚያ ታርፋለች። ተህሚና ዘመድ እንዳላስቸግር ብላ የራሷን በቁሟ አሠርታ ነበር። ሁሉን ያሰበች ሴት፣ «የብር ዕቃ በሙሉ» ስትል ማረፊያዋን አብራ መሸጧ አልታያትም።

ኬኮባድ ሊገዛው አይችልም። የሚሸጠውን ራሱ የሚገዛ አስፈጻሚ አደራ በላ ነው፤ አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ። ወራሾቹ ከፈቀዱ ግን ነውር የለውም። ቶሮንቶ ያለው የወንድሟ ልጅ ሩስቶም በስልክ፣ ይውሰዱት፣ ምን ችግር አለው አለ። የቀረችው ከፑኔ የመጣችው እህቱ ዛሪን ነበረች። ዛሪን ክፉ አይደለችም፤ በእናቷ ውርስ ጊዜ አስፈጻሚ ተብዬው ጎትቶ ጎትቶ ባዶ እጇን ያስቀራት ናት። እባብ ያየ በልጥ በረየ።

ማስቀመጫውን አወጣና አሳያት።

«ለአክስትሽ አበባ የሚያደርግላት ሰው አለ?»

«በእኛ ቤት ይሄ ነገር ቀርቷል፣ አጎቴ። ባለቤቴም የእኛ ወገን አይደለም።»

«እንግዲያው ለእኔ ብትተይልኝ...»

ዛሪን ዕቃውን አገላብጣ አየችው። «አይቀየሙኝና፣ እርስዎ ለአክስቴ ምኗ ነዎት?»

ለዚህ ጥያቄ ዕድሜ ልኩን ሲያሰላስለው የኖረ መልስ ነበረው፤ ያዘጋጀው ግን ለዛሪን አልነበረም።

«ጎረቤቷ» አለ።

እንዲያ ከሆነ እንደ ኑዛዜው ይሁን፣ ዛሬ ለአንድ ጎረቤት ከተተወ ነገ ሌላው ይመጣል አለችው። እውነቷን ነው፤ እሱም በእሷ ቦታ ቢሆን ያንኑ ይል ነበር። በማግስቱ ዕቃውን ይዞ በታክሲ ወደ ገበያ ሄደ። ሌላውን ከኋላ አስጭኖ ማስቀመጫውን ጭኑ ላይ ያዘ። ነጋዴው ስሙን በአውራ ጣቱ ዳሰሰና፣ ሲቀልጥ ይጠፋል፣ አያስቡ አለው። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ አስከሬኗ በተሸኘ ቀን ዓይኑ ያልረጠበው ኬኮባድ እዚያ ሚዛን ፊት ለፊት ቆሞ አለቀሰ። ከዚያ እንባውን ጠርጎ ደረሰኙን ተቀበለ።

የዓመቱ መጨረሻ ቀናት ሲገቡ፣ ማለዳ በዝናብ፣ ነጭ ጽጌረዳ ገዝቶ ወደ ቤተ መቅደሱ ሄደ። በፎጣ የጠቀለለውን ሰማያዊ ብርጭቆ ፈታና በሚያብረቀርቀው ብር መሐል አቆመው። ብርጭቆው ደሃ መሰለ። ግን ከገዛ ቁም ሣጥኑ የወጣ ነውና ማንንም ማስፈቀድ አላስፈለገውም።

ካህኑ ወጣት ነበር። የሟቿንና ጸሎቱን ያዘዘውን ሰው ስም ጠየቀው፤ ተህሚና፣ ኬኮባድ ብሎ ነገረው።

«ምንዎ ናት?»

ኬኮባድ አበባውን አስተካከለ።

«ላገባት ነበር» አለ። «ሳልጠይቃት ቀረሁ።»

ካህኑ ጸሎቱን ጀመረና ስም የሚጠራበት ቦታ ሲደርስ ሁለቱን ስሞች አከታትሎ በአንድ ትንፋሽ ጠራ። ኬኮባድ ስማቸው አብሮ ሲጠራ ሲሰማ ይህ የመጀመሪያው ነበር፤ ጠረጴዛውን ያዘ። ጸሎቱ ሲያልቅ ጠጋ ብሎ ብርጭቆውን አዞረው። ነፍሷ ስትገባ በዚያ እንድታውቀው፣ የተሸረፈውን ጎን ወደ በሩ አደረገው።